«ጨዋታውን የለወጠች አንዲት ኳስ»፤ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኞች ከጨዋታ በኋላ በሚሰጡት ምክንያት ላይ የቀረበ ሒስ

1. የጽሑፉ ዓላማ

ጨዋታ ካለቀ በኋላ ምክንያት መፈለግ የሰው ልማድ ነው። ያሸነፈው ድሉን፥ የተሸነፈውም ሽንፈቱን በአንድ ችንካር ላይ ሊሰቅለው ይፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የቅርጫት ኳስን አጨዋወት ሳይሆን ጨዋታው ካበቃ በኋላ የሚነገረውን ነገር ነው፤ ይልቁንም አሠልጣኞች «ጨዋታው የተለወጠው እዚህ ላይ ነው» በማለት የሚያቀርቡትን ምክንያት፥ በዚያም ምክንያት ውስጥ ሰፊውን ቦታ የሚይዘውን የሦስት ነጥብ ውርወራ እንመለከታለን።

ጉዳዩን ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ደጋ አንጻር ለማየት የመረጥንበት ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፥ ብዙ ክለቦች ባሉበት ከተማ አንድ አሠልጣኝ ያልፈለገው ልጅ ወደ ሌላው ሄዶ ሊሞክር ይችላል፤ በደጋው አገር ላለ ተማሪ ግን የትምህርት ቤቱ ቡድን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው። ስለዚህ አሠልጣኙ ከጨዋታ በኋላ የሚናገሩት ቃል እንደ ወሬ የሚያልፍ ሳይሆን ፍርድ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፥ የዋግ ታሪክ ራሱ ከሩቅ በሚመታ መሣሪያ የተፈታ አንድ ታላቅ ግጥሚያ ስላለበት «ነገሩ የተለወጠው የት ላይ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው። የብዙ አሠልጣኞች ምክንያት ከውጤቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው፤ ኳሷ ከገባች ወርዋሪው ጀግና፥ ከሳተች ደግሞ ፈሪ ይባላል። ትክክለኛው ምክንያት ግን ኳሷ ገና በአየር ላይ ሳለች፥ መግባቷም መሳቷም ሳይታወቅ ሊነገር የሚችለው ነው።

2. ስለ ሦስት ነጥብ ሕግና ስለ ሒሳቡ

ጄምስ ኔይስሚዝ እ. ኤ. አ. በ1891 የቅርጫት ኳስን ጨዋታ ሲያወጣ ከሩቅ የገባች ኳስና ከቅርብ የገባች ኳስ ዋጋቸው እኩል ነበር። ከተወሰነ መስመር ውጭ ለተወረወረችው ሦስት ነጥብ መስጠት በአሜሪካ እ. ኤ. አ. በ1961 ጨዋታውን በጀመረ ሊግ ተሞከረ፤ በ1967 ሌላ ሊግ ተቀበለው፤ ታላቁ ሊግ ኤን ቢ ኤ ደግሞ በ1979 በሕጉ ውስጥ አስገባው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባ በ1984 መስመሩን በ6.25 ሜትር ርቀት አሰመረ፤ በ2010ም ወደ 6.75 ሜትር አራቀው።

አሠልጣኞች የሕጉን ትርፍ ለማየት ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። በኤን ቢ ኤ ሕጉ በገባበት ዓመት አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ የሚወረውረው በአማካይ 3 ጊዜ ያህል ብቻ ነበር። በ2018 እና 2019 የውድድር ዘመን ግን ቁጥሩ 32 ደርሷል። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ከቅርብ ከሁለት ውርወራ አንዱን የሚያገባ ሰውና ከሩቅ ከሦስት ውርወራ አንዱን የሚያገባ ሰው በውርወራ የሚያስገኙት ነጥብ እኩል 1 ነው። ከሩቅ የሚወረውረው ከ100 36 ካገባ በአንድ ውርወራ 1.08 ነጥብ ስለሚያስገኝ ከቅርብ ወርዋሪው ይበልጣል።

ነገር ግን ትርፉ መዋዠቅን አስከትሎ ይመጣል። አንድ ቡድን ከሩቅ 30 ጊዜ ቢወረውርና ችሎታው ከ100 36 ቢሆን በአማካይ 11 ያህል ያገባል። ችሎታው ምንም ሳይለወጥ አንድ ቀን 8፥ ሌላ ቀን 13 ቢያገባ ግን የሚያስደንቅ አይደለም። በ8 እና በ13 መካከል ያለው ልዩነት 15 ነጥብ ነው። ብዙ ጨዋታ ከ15 ነጥብ ባነሰ ልዩነት እንደሚያልቅ ሁሉም ያውቃል። እንግዲህ በአንድ ቀን ውጤት ላይ ተመርኵዞ «ቡድኑ ተለውጧል» የሚል አሠልጣኝ መጀመሪያ ይህን መዋዠቅ ማስታወስ ይገባዋል።

በደጋው አገር ደግሞ ሌላ የሚጨመር ነገር አለ። የትምህርት ቤት ሜዳ ብዙ ጊዜ ጣራ የሌለው ነው፤ ነፋስም ከቅርብ ከምትወረወረው ኳስ ይልቅ በአየር ላይ ብዙ የምትቈየውን የሩቋን ኳስ ይጐዳል። ስለዚህ በአዳራሽ ከሚጫወተው ይልቅ ገላጣ ሜዳ ላይ የሚጫወተውን ልጅ በአንድ ቀን ውርወራ መመዘን የባሰ ስሕተት ይሆናል።

3. አሠልጣኞች የሚሰጡት ምክንያት ዐይነቶች

በየሜዳው ዳር የሚሰማውንና ከታላላቅ ጨዋታዎች በኋላ ለጋዜጠኞች የሚነገረውን ስናነጻጽር ምክንያቶቹ በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የልብ ምክንያት ነው፤ «ልጆቹ ወኔ አጡ» ወይም «እነሱ ከእኛ ይበልጥ ፈለጉት» የሚለው። ይህ ምክንያት ሊፈተን አይችልም። ያሸነፈው ሁልጊዜ ይበልጥ የፈለገ፥ የተሸነፈውም ሁልጊዜ ወኔ ያጣ ስለሚሆን ምክንያቱ ውጤቱን በሌላ ቃል መድገም ብቻ ነው።

ሁለተኛው «ዛሬ እጁ ተፍታቷል» የሚለው ነው። ሦስት ያከታተለ ልጅ አራተኛውንም ያገባል ተብሎ ይታመናል። በዚህ ነገር ላይ የተደረገው ምርምር ትምህርት ሰጪ ነው። ጊሎቪች፥ ቫሎንና ትቨርስኪ የተባሉ ሊቃውንት እ. ኤ. አ. በ1985 ባወጡት ጥናት የፊላደልፊያን ቡድን ውርወራና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾችን ሙከራ መርምረው፥ ከገባ ኳስ በኋላ የመግባት ዕድል እንደማይጨምርና እምነቱ የዐይን ማታለል እንደ ሆነ ጻፉ። ለሠላሳ ዓመት ያህል ብዙ ምሁራን ይህን ተቀብለው አሠልጣኞችን ሲነቅፉ ኖሩ። በ2018 ግን ሚለርና ሳንኹርኾ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በቀድሞው ስሌት ውስጥ የተደበቀ ማዛባት እንዳለ አሳዩ፤ ስሌቱ ሲታረም ከዚያው ማስረጃ ውስጥ የእጅ መፍታታት ምልክት ተገኘ። ከዚህ የምንማረው አሠልጣኞች ሲያምኑት የኖሩት ነገር ጨርሶ ባዶ አለመሆኑን ነው። ይሁን እንጂ ያለውን ነገር አግንነው ማየታቸውም አልቀረም፤ የእጅ መፍታታት መጠነኛ ዕርዳታ ቢሰጥ እንኳ በሁለት ሰው የተከበበ ልጅ እንዲወረውር ምክንያት አይሆንም።

ሦስተኛው የዕድል ምክንያት ነው። በአማርኛ «ቀን ጣለን» እንላለን። አሠልጣኞች ይህን የሚናገሩት ሲሸነፉ እንጂ ሲያሸንፉ አይደለም፤ ነቀፋችንም በዚህ ላይ ነው። ዕድል ካለ ለሁለቱም ወገን አለ። ትናንት 13 ሲገባ «ልምምዳችን ፍሬ አፈራ» ያለ ሰው ዛሬ 8 ሲገባ «ቀን ጣለን» ቢል ሚዛኑ ሁለት ዐይነት ሆኗል ማለት ነው።

አራተኛው የሥራ ምክንያት ነው። «ከማዕዘን የሚወረውረውን ልጅ ሳንሸፍን ተውነው»፥ «ተመላሿን ኳስ ለመያዝ አንድ ሰው ብቻ ላክን» የሚለው ነው። ይህ ሊፈተን ይችላል፤ ኳሷ ባትገባም እንኳ ስሕተቱ ስሕተት እንደ ሆነ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ቀንም ሊታረም ይችላል። ከአራቱ ውስጥ ለተማሪ የሚጠቅመው ይህ ብቻ ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ድካም የሚጠይቅ በመሆኑ ከሁሉ ያነሰ መነገሩ ነው።

4. ሁለት የታወቁ ጨዋታዎች

ይህን አከፋፈል በሁለት ጨዋታዎች ላይ እንሞክረው።

እ. ኤ. አ. ሰኔ 18 ቀን 2013 ማያሚ ሂትና ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ በኤን ቢ ኤ ፍጻሜ ስድስተኛውን ጨዋታ ተጫወቱ። 5.2 ሰከንድ ሲቀር ሬይ አለን ከቀኝ ማዕዘን ሦስት ነጥብ አግብቶ 95 ለ95 አደረገ፤ ማያሚ በተጨማሪ ሰዓት 103 ለ100 አሸነፈ፤ ሰባተኛውንም ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ጨዋታው በአንዲት ኳስ ተለወጠ ከተባለ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ነገር ግን ወደ ኋላ ጥቂት እንመለስ። 28 ሰከንድ ሲቀር ሳን አንቶኒዮ በ5 ነጥብ ይመራ ነበር። ከዚያ በፊትና በኋላ ማኑ ጂኖቢሊና ካዋይ ሌናርድ ሁለት ሁለት የቅጣት ውርወራ አግኝተው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሳቱ። ሌብሮን ጄምስ ከሩቅ ወርውሮ የሳታትን ኳስ ክሪስ ቦሽ ይዞ ለአለን ባያቀብል ኖሮ የአለን ውርወራ ባልኖረ ነበር። የሳን አንቶኒዮ አሠልጣኝ ግሬግ ፖፖቪች በዚያች ቅጽበት ረጅሙን ቲም ደንከንን አስቀምጠው ነበር፤ ስለዚህም ብዙ ተነቅፈዋል። ሐሳባቸው የሦስት ነጥብ መስመሩን በፈጣን ልጆች ለመሸፈን ነበር። ኳሷ ከቀለበቱ ተመልሳ ከሳን አንቶኒዮ ልጆች በአንዱ እጅ ብትወድቅ ኖሮ ያው ውሳኔ ብልኅነት በተባለ ነበር። ውሳኔው መልካም ነበር ወይስ መጥፎ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩን ግን የኳሷ ነጥሮ መሄድ ሊወስነው አይገባም።

ሁለተኛው ጨዋታ የተደረገው እ. ኤ. አ. ግንቦት 28 ቀን 2018 ነው። ሂዩስተን ሮኬትስ በአሠልጣኝ ማይክ ዳንቶኒ፥ ጎልደን ስቴት ዎሪየርስ በአሠልጣኝ ስቲቭ ከር እየተመሩ የምዕራቡን ምድብ ሰባተኛ ጨዋታ ገጠሙ። ሂዩስተን በመጀመሪያው አጋማሽ 54 ለ43 መራ። በሦስተኛው ሩብ ጎልደን ስቴት 33 ነጥብ ሲያገባ ሂዩስተን 15 ብቻ አገባ፤ በመጨረሻም 101 ለ92 ተሸነፈ። ሂዩስተን ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ 44 ጊዜ ወርውሮ ያገባው 7 ብቻ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ 27ቱ በተከታታይ የሳቱ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው «ከሩቅ በመወርወር የሚኖር ከሩቅ በመወርወር ይሞታል» የሚል ዐይነት ፍርድ ሰጠ። ፍርዱ ግን አንድ ነገር ረስቷል። ይኸው ቡድን በዚያው ዓመት ከግማሽ የሚበልጠውን ውርወራውን ከሩቅ እያደረገ ከ82 ጨዋታ 65 አሸንፎ ከሁሉ ቡድን የበለጠ ድል አግኝቷል። ዕቅዱ ለ7ቱ ተጠያቂ ከሆነ ለ65ቱም ሊመሰገን ይገባል። በሌላ በኩል ነገሩን ሁሉ ለዕድል መስጠትም አይበቃም። በቡድኑ የተለመደ ችሎታ ከ44 ውርወራ 16 ያህል ይጠበቅ ነበር፤ ከ16 ወደ 7 መውረድ በአጋጣሚ ብቻ ቢሆን እጅግ ብርቅ ነገር ነው። ክሪስ ፖል በጉዳት ምክንያት አልተሰለፈም ነበር፤ የቀሩትም ሸክሙን ተሸክመው ወደ ሰባተኛው ጨዋታ ደርሰዋል። የደከመ እግር የሩቅ ውርወራን እንደሚያሳጥር ማንኛውም አሠልጣኝ ያውቃል። እንግዲህ የሚጠቅመው ጥያቄ «ከሩቅ መወርወር መልካም ነውን?» የሚለው ሳይሆን «እግር ሲደክም፥ ኳስም የሚያቀብል ሰው ሲጐድል ከእነዚህ 44 ውርወራዎች ውስጥ የትኞቹ መቅረት ነበረባቸው?» የሚለው ነው። ሦስት ብቻ ተጨማሪ ቢገቡ ውጤቱ እኩል ይሆን እንደ ነበርም አንርሳ።

5. የአሰም ነገር

መጨረሻውን አይቶ መጀመሪያውን የመተረክ ልማድ በሜዳ ጨዋታ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የዋግ አንባቢ በቅርብ የሚያውቀውን እናንሣ።

ዋግሹም ጎበዜ ገብረ መድኅን በ1860 ዓ. ም. ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በሐምሌ 1863 ዓ. ም. በአድዋ አጠገብ አሰም በተባለው ስፍራ ከትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጋር ገጠሙ፤ ደጃዝማች ካሣም የባለቤታቸው የወይዘሮ ድንቅነሽ ወንድም ነበሩ። የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት 60,000፥ የካሣ ደግሞ 12,000 ያህል እንደ ነበረ ይነገራል። ብዙው በጥቂቱ ተሸነፈ፤ ንጉሡም ተማረኩ። ካሣ ምርጫ በ1864 ዓ. ም. በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ታሪኩ ሲተረክ አድማጭ የሚጠብቀው የንጉሡን መማረክ ነው፤ ነገሩ እዚያ ላይ የተለወጠ ይመስላል። ያች ቅጽበት እውነት ናት፤ ነገር ግን ምክንያት አይደለችም። የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር በ1860 ዓ. ም. ከመቅደላ ተመልሶ ከአገር ሲወጣ ስለ ተደረገለት ዕርዳታ መድፎችና በመቶ የሚቈጠሩ ጠመንጃዎች ለካሣ ትቶ ሄዷል። ጆን ኪርካም የተባለ እንግሊዛዊም የካሣን ወታደሮች በአዲሱ ሥርዓት አሠለጠነ። እንግዲህ ከሩቅ የመምታት ብልጫ የተገኘው ከጦርነቱ ሦስት ዓመት በፊት ነው። በአሰም የታየው መቍረጫው እንጂ መነሻው አይደለም።

ጦርነትና ጨዋታ አንድ ናቸው አንልም። ጨዋታ በሳምንቱ ይደገማል፤ አሰም አልተደገመም፤ ስለዚህም ከመቶ ስንት ብለን ልናሰላው አንችልም። ነገር ግን ሁለቱን ስናስተያይ አንድ ዘዴ እናገኛለን፤ «ነገሩ የት ተለወጠ?» ተብሎ ሲጠየቅ ዐይን ወደ መጨረሻው ቅጽበት ብቻ እንዳይሄድ፥ ከዚያ በፊት ማን ምን ይዞ ወደ ሜዳ እንደ ገባ መጠየቅ ነው። በመጨረሻዋ ሰከንድ ሳታ የምትባል ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ ርቀት ስንት ጊዜ እንድትለማመድ ተደርጓል? ቡድኑ ስንት ኳስ ነበረው? መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

6. ቁጣ የሚያስገኘው ስለሚመስለው ውጤት

አሠልጣኞች በዕረፍት ሰዓት ተቆጥተው ልጆቹ በሁለተኛው አጋማሽ ሲሻሻሉ «ጨዋታውን የለወጠው ተግሣጹ ነው» ይባላል። የሥነ ልቡና ሊቁ ዳንኤል ካነማን ከእስራኤል የበረራ አሠልጣኞች ጋር በነበራቸው ሥራ ይህንኑ አስተውለዋል። አሠልጣኞቹ መልካም የበረረ ሰው ሲመሰገን በሚቀጥለው ይደክማል፥ መጥፎ የበረረ ሲሰደብ ግን ይሻሻላል ብለው ያምኑ ነበር። ካነማን እንዳስረዱት እጅግ መጥፎ ከሆነ ሙከራ በኋላ የሚመጣው ስድብ ኖረም አልኖረም ብዙ ጊዜ ወደ ተለመደው መጠን ይመለሳል፤ እጅግ መልካም ከሆነው በኋላም እንዲሁ ወደ ተለመደው ይወርዳል። ስለዚህ ቁጣ ያልሠራውን ሥራ ሠራሁ ይላል፤ ምስጋና ደግሞ ያላጠፋው ጥፋት ይቈጠርበታል።

ይህ ነገር ወደ ሰቆጣው ተማሪ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚጐዳ በቁጥር እናሳይ። አንድ ልጅ ከሩቅ ከ100 30 የማግባት ችሎታ አለው እንበል፤ ይህም ለተማሪ መልካም ነው። በአንድ ጨዋታ 4 ጊዜ ቢወረውር ከአራት ጨዋታ በአንዱ ያህል አንድም ሳያገባ ይወጣል። ከሦስት ጨዋታ በአንዱ ያህል ደግሞ 2 ወይም ከዚያ በላይ ያገባል። ልጁ ያው ልጅ ነው። ነገር ግን መጀመሪያ የታየው ባዶ በሆነበት ቀን ከሆነ «ልብ የለውም» ተብሎ ይቀመጣል፤ ሁለት ባገባበት ቀን ከታየ ደግሞ «ተስፋ ያለው» ይባላል። የተቀመጠው ልጅ ስላልወረወረ ፍርዱ ስሕተት መሆኑን የሚያሳይበት አጋጣሚ አያገኝም። የልብ ምክንያት ከሁሉ ይልቅ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ነው፤ ራሱን ከሚያጋልጥ ማስረጃ ራሱን ይጠብቃል።

7. መደምደሚያ

አሠልጣኞችን ከነጭራሹ ዝም በሉ አንልም። ተጫዋች ምክንያት ይፈልጋል፤ ሥራውን የሚያሻሽለውም ምክንያቱን ሲያውቅ ነው። የምንጠይቀው ምክንያታቸውን ከመናገራቸው በፊት በሁለት ጥያቄ እንዲፈትኑት ነው። የመጀመሪያው «ያች ኳስ ተቃራኒውን ብታደርግ ኖሮ ይህንኑ እል ነበርን?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ይህን ኳሷ ሳትወረወር በፊት ልናገረው እችል ነበርን?» ይላል። የልብና የዕድል ምክንያት በሁለቱም ይወድቃል፤ የሥራ ምክንያት ያልፋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። በታላላቅ ሊጎች እያንዳንዱ ውርወራ በካሜራ ይመዘገባል፤ በደጋው ትምህርት ቤት ግን አንድ ደብተርና አንድ ተማሪ ይበቃሉ። በየጨዋታው ማን ወረወረ፥ ከየት ወረወረ፥ ከፊቱ ተከላካይ ነበረ ወይስ አልነበረም፥ ገባች ወይስ ሳተች የሚሉ አራት ረድፎች ይሰመሩ። በወሩ መጨረሻ አሠልጣኙ መጀመሪያ ሦስቱን ረድፎች ያንብቡ፤ አራተኛውን ከዚያ በኋላ ይክፈቱ። በነጻነት ቆሞ፥ ከለመደው ቦታ፥ በተነገረው ዕቅድ መሠረት የወረወረ ልጅ ኳሱ ብትስትም ሥራውን ሠርቷል፤ ይህንም አሠልጣኙ በጓደኞቹ ፊት ሊነግሩት ይገባል። በሁለት ሰው መካከል ተጣብቆ የወረወረው ደግሞ ቢያገባም እንኳ ሊመከር ይገባል። ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ለአራተኛው ረድፍ ነው፤ ልጁን የሚያሳድጉት ግን ሦስቱ ናቸው።